ወንበር ለዋጯ እህቴ

ታላቅ እህቴ ሥራዋ የቢሮ መብራት መንደፍ ነው። አምፖል ከመምረጧ በፊት ግን የእያንዳንዱ ሠራተኛ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ካላየች አይሆንላትም። እኔ የምሠራበት ቢሮ የመጣች ጊዜማ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ! የገንዘብ ያዡንም፣ የጸሐፊዋንም፣ የኔንም ወንበር አዳረሰችው።

«ምን ነካሽ እትዬ? ወንበር ልትገዢ ነው?» አልኳት።

«ዝም በል! እዚህ መብራት ሥር እኮ ጠዋቱ ከማታው አይለይም። ለካ ሌሊቱን ስትገላበጥ የምታድረው ወደህ አይደለም።»

ሥራ አስኪያጁ ብቻ «የኔን ወንበር እንዳትነኪ!» ብለው በራቸውን ዘጉባት። እሷም ክፍላቸውን እንደነበረ ተወችው።

አሁን እሷ በነደፈችው አዲስ መብራት አዳራሻችን ጠዋት ቦግ ይላል፤ ቀኑ ሲገፋ ብርሃኑ እየለሰለሰ ሄዶ፣ ወደ ማታ የምትጠልቅ ፀሐይ ይመስላል። ሰውነታችንም ሰዓቱን አወቀ። ጠዋት የሚያንጎላጅ የለም፤ ሲመሽም እየተሳሳቅን ቦርሳችንን እናነሳለን።

እህቴ ሥራዋን ልታይ የመጣች ዕለት፣ ወደ መውጫችን ላይ ሥራ አስኪያጁ ደማቸው ፈልቶ ከክፍላቸው ወጡ።

«አንቺ ልጅ፣ መብራትሽ ተበላሽቷል! ሰው ሁሉ በጊዜ ወደ ቤቱ ይሮጣል!»

«አልተበላሸም ጋሼ፤ መሽቷል» አለቻቸው።

መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ረጅም ማዛጋት ነበር። ሁላችንም አውካካን። እሳቸውም ሳይወዱ በግድ ሳቁ።

በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ፤ ወንበራቸውን እየገፉ።

«እህትህን ጥራልኝ» አሉ።