ከጫት ጋር የመጣው ዱቄት

«ይህ አፈር ጨው ነው፤ ሳር እንኳ እምቢ ብሎኛል» አሉ ማዳም፣ በዚህች ባዕድ የወደብ ከተማ አምቡሊ ሰፈር ያለው ግቢያቸው ውስጥ አጥሩ ሥር ያለችውን ቁራጭ መሬት እያሳዩኝ። ሲሚንቶ አስፈስሰው መኪና ሊያቆሙባት ነበር። እኔ የቤታቸው ሠራተኛ ነኝ። አገሬ ሳለሁ ግን ግብርና ተምሬ ዲፕሎማ ይዣለሁ፤ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። ሳቃቸው አንጀቴን አሳረረው። «እስከ ረመዳን ይስጡኝና አኩሪ አተር አበቅልባታለሁ» አልኳቸው። እሺ አሉ።

የሙቀቱን ወራት ሙሉ ከኤሲው የሚንጠባጠበውን ውኃ በጀሪካን እያጠራቀምኩ አፈሩን አጠብኩት። የቧንቧው ውኃ ራሱ ጨዋማ ነው፤ የኤሲው ጨው የለበትም።

አኩሪ አተር ናይትሮጅኑን ከአየር የሚያገኘው ሥሩ ላይ በሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች ነው። እዚህ አፈር ውስጥ እነሱ የሉም። ሐረር አካባቢ የምታስተምር የኮሌጅ ጓደኛዬ ባክቴሪያዎቹን የያዘውን፣ ሕያው ማዳበሪያ የሚባለውን ጥቁር ዱቄት በከባድ መኪና ሾፌር ላከችልኝ። ሾፌሩ እንዳይጠፋበት ብሎ የፊት መስታወቱ ሥር አስቀምጦት መጣ። እጄ ሲገባ እንደ ዳቦ ግሎ ነበር። ሙቀት ባክቴሪያዎቹን እንደሚገድል እያወቅኩ፣ ምናልባት ብዬ፣ ዘሩን ለወስኩበት። በቀለ፤ ቅጠሉ ግን ቢጫ ሆነ። ነቅዬ ሳየው ሥሩ ልሙጥ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ የሚሰፍሩበት እብጠት አንድም የለበትም። ባክቴሪያዎቹ መንገድ ላይ አልቀዋል።

«ዩሪያ ጨምሪበትና ተገላገይ» አሉኝ ማዳም። እምቢ አልኩ። ዩሪያ የለመደ አኩሪ አተር ከባክቴሪያ ጋር ምን አደከመው? ቁጭ ብሎ ይቀለባል።

ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ጫት ለምትሸጥ የድሬዳዋ ልጅ ጉዳዩን ብነግራት ሳቀችብኝ። «እዚህ አገር ከጫት በላይ ተሞሽሮ የሚገባ ነገር አለ እንዴ? ምነው መጀመሪያ ለኔ ብትነግሪኝ?» አለች። እውነቷን ነው። ጫት እርጥብ ጆንያ ለብሶ፣ ፀሐይ ሳያየው በየቀኑ ይገባል። ጓደኛዬ እንደገና የላከችልኝ ሁለተኛው ዱቄት በጫቱ መሃል መጣ፤ ስይዘው ይቀዘቅዝ ነበር። በስኳር ውኃ ከዘሩ ጋር ጥላ ሥር ለወስኩት፤ ፀሐይዋ ስትበርድ ዘራሁት።

ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አኩሪ አተሬ አረንጓዴ ሆኖ አብቧል። ማዳም ግንበኛ ይዘው መጡ። አንዱን ነቅዬ ሥሩን አሳየኋቸው፤ ምስር የሚያህሉ እብጠቶች ሞልተውታል።

«ይህማ በሽታ ነው» አሉ።

አንዱን በጥፍሬ ሰነጠቅኩት። ውስጡ ቀይ ነው። «በሽታ አይደለም፤ ቀይ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ላይ ናቸው» አልኳቸው።

ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ ግንበኛው ዞሩና «ሲሚንቶው ሐሙስ ይምጣ» አሉት።

ቃላቸውን ማጠፋቸው አንገበገበኝ። አልለመንኳቸውም ግን። አበባ ላይ ያለ ተክል ነቅሎ መትከል አይሆንም፤ ባክቴሪያዎቹ ግን አፈሩ ውስጥ ይቀራሉ። እስከ ረቡዕ አፈሩን ቆፍሬ በጆንያ ሞላሁ። የድሬዳዋዋ ልጅ ጋሪ ይዛ መጥታ ካርቲየ 4 ጓሮዋ ወሰደችልኝ፤ ዘንድሮ እዚያ እንዘራለን። ጉድጓዱን በፍርስራሽ ድንጋይ ደፈንኩት።

ሐሙስ ጠዋት ማዳም ድንጋዩን አይተው ደነገጡ። «አፈሩስ?» አሉኝ።

«ጨው ነው ብለውኝ የለ?» አልኳቸው። «ጣልኩልዎት።»