ሳር የምታበላው

ለሁለተኛ ጊዜ ከመቱ ስወጣ የሸኘኝ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ወደ ዱባይ የሄድኩ ጊዜ ግማሹ ሰፈር መናኸሪያ ድረስ ወጥቶ አልቅሶልኝ ነበር፤ ያላለቀሰውም ቢሆን ለይሉኝታ አፍንጫውን ጠርጓል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ተመልሼ፣ ዓመት እንኳ ሳይሞላኝ እንደገና ስሄድ ግን ሻንጣዬን ራሴ እየጎተትኩ፣ ጭቃውን ራሴ እየዘለልኩ ነው አውቶቡሱ ጋ የደረስኩት። እማዬ ከቤት አልወጣችም። «ሁለተኛ ከሄድሽ አልሸኝሽም» ብላኝ ነበር፣ ቃሏን ጠበቀች። በበሩ ሥር መብራቱ ይታየኛል፣ ከበሩ ጀርባ ቆማ እንደምታዳምጥ አውቃለሁ። እኔም ትንሽ ቆሜ አዳመጥኩና ሄድኩ።

ይህን የምጽፈው እናንተ አገር ቤት ያላችሁት «አስቴር ምን ጎድሏት ተመልሳ ሄደች?» እያላችሁ ስለሆነ ነው። እዚህ ያላችሁት ስደተኞች ደግሞ «ትንሽ ቋጥሬ አገሬ ገብቼ ምግብ ቤት እከፍታለሁ» እያላችሁ ስለምታልሙ። ክፈቱ፣ ማን ከለከላችሁ። የታይ ምግብ ቤት ብቻ አትክፈቱ።

ዱባይ የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት ሰው ቤት ሠራሁ፤ ያንን አልተርከውም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከዚያ አንድ የታይ ሬስቶራንት ኩሽና ገባሁ። ሼፏ ኖይ የምትባል፣ ቁመቷ ትከሻዬ የማይደርስ ታይላንዳዊት ናት። በመጀመሪያው ቀን ቶም ያም የሚሉትን ሾርባ በጭልፋ አቀመሰችኝ። ተፋሁት። ሎሚ የጨመቁበት የልብስ ሳሙና ነው የመሰለኝ። ኖይ አልተቆጣችም፣ «ቱሞሮ» አለችኝ። በማግስቱም አቀመሰችኝ፣ በማግስቱም። በሁለተኛው ሳምንት ማንም ሳያዘኝ ጭልፋውን አነሳሁ። ያ ሽታ ከየት እንደማውቀው የገባኝም ያኔ ነው። ኖይ የምትከትፈው ቅጠል የእኛው ጠጅ ሳር ነው! እናቴ ጓሮ የሚበቅለው፣ ለበዓል ከቄጤማ ጋር ወለል ላይ የምንጎዘጉዘው። ሰው በሙቀት በሚቀቀልበት አገር ቆሜ፣ ዝናብ ያባራበትን የእማዬን ጓሮ በጭልፋ ጠጣሁ ብዬ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ሳቁ።

ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ሐሳብ ብቻ ይዞኝ ኖረ። ጠጅ ሳሩ ጓሮ አለ፣ ዝንጅብልና ቃሪያ ገበያ አለ፣ ማር ከሁሩሙ ይመጣል። የኮኮናት ወተቱንና የዓሣውን ማጣፈጫ በሻንጣ እይዛለሁ። ከዚያ እማዬ አጠገብ ሆኜ እሠራለሁ፣ ሁለተኛም ከአጠገቧ አልሄድም። ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

መቱ ገብቼ ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ። ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ሠራተኛ ቅጼን አገላብጦ፣

«ታይ፣ ማል ጄቹዳ? ምን ማለት ነው?» አለኝ።

«አገር ነው። ታይላንድ።»

«ባለሀብቷ ታይላንዳዊት ናቸው?»

«ባለሀብቷ እኔ ነኝ። የመቱ ልጅ ነኝ።»

«ታዲያ የመቱን ምግብ ለምን አይሠሩም?»

«የመቱን ምግብ የሚሠራ ሞልቷላ።»

«የተፈቀደ ስለሆነ ነዋ የሞላው» አለና ዝርዝሩን ላይ ታች አየው። ባህላዊ ምግብ አለ፣ ጭማቂ ቤት አለ፣ ታይ የለም። «ባህላዊ ላይ ላስገባዎት።»

«የማን ባህል?»

«እሱን ደንበኛው ይለየዋል» ብሎ ማኅተሙን መታው።

ሰሌዳ የሚጽፈው ሰውዬ የምግብ ቤቱን ስም ከላይ በአፋን ኦሮሞ፣ ከታች በአማርኛ ጻፈልኝ። መሀሉ ላይ ዝሆን ሣልልኝ ስለው ኩምቢ ያበቀለ፣ ቀንድ የሌለው በሬ ሣለልኝ።

የተከራየሁት ቤት የጋሼ ዋቅጅራ ነው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። እኔንም አስተምረውኛል፣ የከተማውን ግማሽ አስተምረዋል፤ ስለዚህ እሳቸው ጥሩ ነው ያሉት ጥሩ ነው፣ የናቁትን የሚያነሳው የለም። ቤቱን ሲያከራዩኝ የጨነቃቸው ሌላ ነገር ነበር።

«እባብ ትሠሪያለሽ?»

«አልሠራም ጋሼ።»

«እንቁራሪትስ?»

«ኧረ ጋሼ! ዶሮ ነው፣ ሩዝ ነው።»

«ዶሮና ሩዝ ለመማር ነው ዘጠኝ ዓመት የቆየሽው?»

የመክፈቻው እሑድ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ከጎሬ በሚኒባስ የመጡም ነበሩ። ሊበሉ የመጡ እንዳይመስላችሁ፣ ሊያዩ ነው። ሰዉ የለበሰው የሠርግ ልብሱን ነው፣ ይዞት የመጣው ፊት ግን ለለቅሶ ቤት የሚሆን ነው። ሩዙን በሹካ እየገለበጡ ሥሩን ይፈትሻሉ፣ የቀበርኩበት ነገር ያለ ይመስል። ፓድ ታይ የሚባለው ፓስታ መሳይ ሲቀርብ አንዱ ለውዙን እየለቀመ ኪሱ ከተተ፣ ለመንገድ። አንዷ ጎረቤታችን አስቀድማ ጠርጥራ እንጀራ በፌስታል ይዛ መጥታለች። ማዶ ጥብስ ቤት ያላቸው እትዬ ዘውዴ ደግሞ በኮኮናት የተሠራውን ወጥ ጎርሰው፣ አልውጥም አልተፋም ብለው ቆዩ። መጨረሻ ላይ ዋጡትና፣

«ስኳር አለበት!» አሉ፣ ሌባ እንደያዘ ፖሊስ። «ወጥ ውስጥ ስኳር! ሻዩ ላይስ በርበሬ አድርገሻል?»

እውነቱን ልናገር፣ ናቅኳቸው። ጥግ ላይ ቆሜ አንድ በአንድ እያየሁ «ከበርበሬና ከቅቤ ማዶ ዓለም ያለ አይመስላቸውም፣ ደንቆሮ ሁላ» እላለሁ በሆዴ። እኔው ራሴ ኖይ ፊት መትፋቴን ረስቼዋለሁ። ኖይ ሁለት ሳምንት ጠብቃኛለች፣ እኔ ሁለት ሰዓት አልጠበቅኳቸውም።

እማዬ የቀረበላትን ሁሉ ጥርግ አድርጋ በላች። እንደ መድኃኒት ነው የበላችው፣ ሳታኝክ፣ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል። ከዚያ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ጋሼ ዋቅጅራ ዞራ ምን እንደሚሉ መጠበቅ ጀመረች። የእኔ መቱ መቅረት አለመቅረት እሳቸው አፍ ላይ እንዳለ ገብቷታል።

ጋሼ ቶም ያሙን ቀመሱ። አኘኩ። ደግመው አኘኩ። ሳሩ ለሽታ የሚገባ እንጂ የሚበላ እንዳልሆነ ለእንግዳ መናገር ነበረብኝ፣ ከጭንቀቴ ብዛት ረስቼዋለሁ። ጋሼ ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ከተቱና ጣት የሚያህል ጠጅ ሳር መዘው አወጡ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። ከዚያ ዝቅ ብለው ወለሉን አዩ። እኔ ሞኟ፣ ቤቱ እንዲያምር ብዬ ያንኑ ጠጅ ሳር ከዳር እስከ ዳር ጎዝጉዤበታለሁ። ሳሩን አዩ፣ ወለሉን አዩ።

«አስቴር ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ቤቱን ስታሰናጂ ድስቱን አልከደንሽውም ነበር?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እማዬ እንኳ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እስከዚህ ድረስ ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረም። «ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ!» ብዬ አብሬ ስቄ ቢሆን ኖሮ ዛሬም መቱ ነኝ። ግን ዘጠኝ ዓመት ከማዳምና ከአለቃ ጋር ስጯጯህ የኖርኩ ሰው፣ መሳቅ የሚባለው ነገር ቶሎ አልመጣልኝም።

«የሰው ምግብ ካልለመዱ፣ እንግዲያው ሳሩን ይጋጡት!» አልኳቸው።

ሳቁ ተቆረጠ። አስተማሪዬን፣ በሽበታቸው፣ በሰው ሁሉ ፊት። ጋሼ ሳሩን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጡ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ ባርኔጣቸውን አነሱ። «ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ልጄ፣ ጠግቤያለሁ» አሉ። ከእሳቸው ኋላ ሰዉ አንድ በአንድ እየተነሳ «እግዜር ይስጥልን» እያለኝ ወጣ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እማዬ ሳህኑን እየሰበሰበች «ነገ ሄደን እግራቸው ላይ እንውደቅ» አለችኝ። «እነሱ ናቸው እኔን ይቅርታ የሚጠይቁኝ» አልኳት። ወር ሳይሞላ «ሳር የምታበላው» የሚለው ስሜ ጎሬም ሁሩሙም ደረሰ። የሚኒባሱ ረዳት ደጃፌ ጋ ሲደርስ «ሳር ቤት፣ ወራጅ አለ?» ይል ጀመር። እማዬ ብቻ በየቀኑ እየመጣች፣ እንደዚያው ሳታኝክ ትበላና ስትጨርስ «ዛሬ እንሂድ?» ትለኛለች። የጋሼ ዋቅጅራ በር ከእኔ በር ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። እሱን ሠላሳ እርምጃ ከመሄድ ዱባይ መሄድ ቀለለኝ።

አሁን ያው ኩሽና ተመልሻለሁ። ኖይ ምን ሆነሽ ነው አላለችኝም፣ ቢላዋና አንድ እቅፍ ጠጅ ሳር ሰጠችኝ። ባለፈው ዓርብ እሱን እየከተፍኩ እማዬ ደወለች።

«ቤቱን ዘውዴ ተከራይታዋለች» አለችኝ።

«ሰሌዳዬን አወረዱታ?»

«ለምን ብላ? ሰዉ ሁሉ ‹ታይ ቤት እንሂድ› ነው የሚለው። ከበደሌ እንግዳ ሲመጣ ‹እኛ ከተማ የታይ ምግብ ቤት አለ› እያሉ በኩራት ይወስዱታል። ዝሆኑን ብቻ ኩምቢውን አስጠፍታ ቀንድ አስወጣችለት።»

«ምን ይሸጣሉ?»

«ጥብስ ነዋ።»

ሳቅኩ። ያኔ ያጣሁት ሳቅ አሁን መጣልኝ፣ ምን ያደርግልኛል።

«ጋሼ ዋቅጅራስ?»

«እሑድ እሑድ እዚያ ይበላሉ። ባገኙኝ ቁጥር ‹አስቴር ደኅና ናት?› ይሉኛል። ‹ድስቱን እየከደነች ትሥራ በያት› ይላሉ፣ ይስቃሉ።»

ሠላሳ እርምጃ።

«ጠጅ ሳሬስ?» አልኳት።

«ዘውዴ ከእኔ ጓሮ እየወሰደች ወለሉ ላይ ትጎዘጉዘዋለች። እኔም የምሄደው ለእሱ ነው። ከዱባይ ስትመጪ ልብስሽ እሱን እሱን ይሸት ነበር። እዚያ ስቀመጥ ያለሽ ይመስለኛል።»

ኖይ ከውስጥ ትጠራኛለች። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ እጄን በሽርጤ ጠረግኩ፣ ሽታው አልለቅ አለኝ።

«መቼ ነው የምትመጪው?» አለችኝ እማዬ። ከሄድኩ ወዲህ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«ቱሞሮ» ሊላት አፌ ከጅሎ ተመለሰ። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም።

«እደውልልሻለሁ» አልኳት።