የወይዘሮ የሺመቤት ግንባር

ሹሩባ መሥራት የጀመርኩት አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ እትዬ ጥሩነሽ ደጅ ነው። የመጀመሪያ ቀን የሰው ራስ አላስነኩኝም። ምሰሶ ላይ ቃጫ አሰሩና «ይኼን ጎንጉኚ» አሉኝ። ስጎነጉን ዋልኩ። ማታ ጉንጉኑን በጣታቸው ሳብ አድርገው ሳቁ።

«አህያ ልትጭኚበት ነው? ከኋላ በኩል አጥብቂ። ግንባር ላይ ግን እጅሽን ቀለል አድርጊ፤ የግንባር ፀጉር ሥሩ ስስ ነው።»

አንድ ዓመት በሚዶ አበጠርኩ፣ ቅቤ ቀባሁ። ቀጥሎ ፀጉር በወስፌ መክፈል ተማርኩ። ሦስተኛው ዓመት ላይ የራሴን ደንበኛ ሰጡኝ።

ደንበኛዬ ወይዘሮ የሺመቤት ነበሩ፤ የአፍንጮ በር ጨርቅ ነጋዴ ሚስት፣ በዕድሜ እኩያዬ። በበቅሎ ይመጣሉ። ፀጉራቸው ሲፈታ ወገባቸውን አልፎ በርጩማው ላይ ያርፋል። የኔን በልጅነቴ የተስቦ በሽታ ወስዶት የተመለሰልኝ ሳሳ ያለ ስለነበር ሻሽ ከራሴ አይወርድም። ላለው ይጨመርለታል ይባል የለ። በየአሥራ አምስት ቀኑ የምመኘውን ነገር በእጄ ይዤ እውላለሁ። ቀናሁባቸው፤ ሌላ ስም የለውም።

አንድ እሑድ ባሌ ከቅዳሴ ሲመለስ ስለ አንዲት ሴት ሹሩባ አወራልኝ። የወይዘሮ የሺመቤት መሆኑ ገባኝ።

«የኔ እጅ ነው» አልኩት።

«እጅማ ሞልቷል። ፀጉሩን ነው የምልሽ» አለኝ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ግንባራቸው ላይ አጠበቅኩ። ዐይናቸው እንባ አቀረረ።

«ሙሉዬ፣ ጠበቀብኝ መሰለኝ።»

«ካልጠበቀ አይቆይም፣ እሜቴ።»

ውሸት አልነበረም፤ ለዚህ ነው ማለቱ የቀለለኝ። የጠበቀ ሹሩባ ይቆያል፣ ያብረቀርቃል። አራዳ ገበያ ላይ «የሙሉ እጅ» ተባለ፤ ደንበኛም በረከተ። የሌሎቹን ግንባር አላልቼ ሠራሁ። የእሳቸውን ግን ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ እንደዚያው እስብ ነበር።

አርባን ሲጠጉ የግንባራቸው ፀጉር እየሸሸ ሄደ። አንድ ቀን የፈረንጅ መስታወታቸውን ይዘው ብዙ አዩ።

«እርጅና መጣ፣ ሙሉዬ» አሉ።

«ለማንም አይቀርም» አልኩ። ያን ሳምንት ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

ዕድሜ ራስ ላይ የሚሠራውን ግን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ጆሮ ግንድ ላይ ያሸብታል። ቀጥሎ መሀል ራስን ያሳሳል፤ ፀጉሩም ቀጥኖ ከጣት ያመልጣል። የእሳቸው መሀል ራስ እንደ ድሮው ነበር። የተራቆተው እኔ የምስበው ቦታ ብቻ ነው። ይህን እያወቅኩም ቅናቱ አልለቀቀኝም፤ ከኋላ የቀረው ፀጉር አሁንም ከኔ ይበልጥ ነበር።

እርጅና የመጣው በኔ ጣቶች ነው። አንጓዎቼ አበጡ፤ ጠዋት ጠዋት እጄ አልጨበጥ ይላል፣ ወስፌው ይወድቅብኛል። ደንበኞቼ አንድ በአንድ ወደ ወጣት ሠሪዎች ሄዱ። በነዚያ ልጆች ጣትም ቀናሁ። ወይዘሮ የሺመቤት ብቻ ቀሩልኝ።

«ሌላ ሴት ይሞክሩ። እጄ መሳብ አቅቶታል» አልኳቸው።

«አንቺው ሥሪ» አሉና በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

ሁለት ዓመት እንዲሁ ላላ አድርጌ ሠራሁ። አንድ ጠዋት ሻሻቸውን ስፈታ ግንባራቸው ዳር አጫጭር ፀጉር አየሁ፤ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር። በጣቴ ዳሰስኩት።

«በቅሏል አይደል?» አሉ ሳይዞሩ።

«በቅሏል። ተአምር ነው፣ እሜቴ።»

«ተአምር አይደለም። እጅሽ ሲደክም ነው የበቀለው።»

«ያውቁ ነበር?»

«የሚያመኝ እኮ እኔን ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ስታጠብቂው ሰው ያየኝ ነበር። መታየት እወድ ነበር። አንቺም እንደማትወጂኝ አውቃለሁ። ግን ያንቺን ያህል የሚያምር አድርጎ የሚሠራ አልነበረም።»

ቅቤውን አንስቼ ግንባራቸውን ቀስ አድርጌ ቀባሁት።

ሹሩባ ለምትሠሩ፦ ግንባር ላይ አታጥብቁ። የምትቀኑበትን ራስ ደግሞ ለሌላ ሠሪ ስጡ።