«እሷ ትሻላለች» ያልኩበት ቅዳሜ

ባለፈው ቅዳሜ እንጀራዬን በገዛ አፌ ለሌላ ሰው ሰጥቼ መጣሁ... ያውም እየሳቅኩ!

ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፣ ኑሮዬ ደሴ ነው። ሥራ ከፈታሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። አዲስ አበባ አንድ ቢሮ «ነይ» ብሎኛል፣ መልሴን የሚፈልገው እስከ ሰኞ ማታ ነው። አባቴን ግን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የማመላልሰው እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው የለውም። እዚሁ አካባቢ ሥራ ካላገኘሁ ጥዬው መሄዴ ነው።

ቅዳሜ ደግሞ ሁለት የቴክኖሎጂ ዝግጅት ተገጣጠመብኝ። አንዱ እዚሁ ደሴ ነው... ትልቅ አዳራሽ፣ ከሩቅ የመጡ ተናጋሪዎች፣ ቲሸርት፣ ምሳ። ሌላው ኮምቦልቻ ነው... የፕላስቲክ ወንበርና ሻይ ብቻ፣ ግን የፋብሪካ ሰዎች ይመጣሉ ተብሏል።

ድሮ ቢሆን ምሳ ወዳለበት ነበር የምሮጠው፣ አልዋሽም። ቁም ሳጥኔ በነፃ ቲሸርት ተሞልቷል፣ እስካሁን በአንዱም ሥራ አላገኘሁበትም። ዛሬስ ንግግር ከሚበዛበት ችግር ያለበት ሰው የሚመጣበት ይሻለኛል ብዬ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ።

ልክ ነበርኩ። ሻይ ሰዓት ላይ አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ እኔና መዲና ወደ ቆምንበት መጡ። የአንድ ፋብሪካ የጥገና ኃላፊ ናቸው፣ በቅርቡ ነው ከአዲስ አበባ ተዛውረው የመጡት። መዲና ደግሞ እንደኔው ሶፍትዌር የምትሠራ የደሴ ልጅ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ በየዝግጅቱ ተሳስመናል፣ የቤተሰብ ደህንነት ተጠያይቀናል፣ ፎቶ ተነስተናል።

ሰውዬው ወግ አላበዙም። «ማሽን ይቆምብናል። መለዋወጫው ስቶር ውስጥ አለ፣ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ ግን የሚያውቅ የለም። ይሄን የሚያስተካክል ሲስተም ከሁለታችሁ ማን ይሠራልኛል?»

ልቤ ዘለለ። «እኔ!» ልል አፌን ከፈትኩ... የወጣው ሌላ ነው።

«ኧረ መዲና እያለች! እሷ ትሻላለች።»

መዲና ክው አለች። «ወላሂ በጭራሽ! እኔ ምን አውቄ? እሷን ያናግሯት፣ ጎበዝ ማለት እሷ ናት።»

«ኧረ ተይ መዲና፣ በሞቴ...»

«በአላህ አንቺ ነሽ እንጂ!»

የኛ አገር ሰው በር ላይ «አንተ ቅደም፣ የለም አንተ ቅደም» ሲባባል ዝናብ ይመታዋል። እኛም ሥራውን እዚያው ቆመን ተገባበዝነው። እንዲህ ነው ያደግነው፣ ሰው ፊት «እኔ እሻላለሁ» ማለት ነውር ነው።

ሰውዬው አንዴ እኔን አንዴ እሷን ሲያዩ ቆዩ። «እንግዲህ ሁለታችሁም አልችልም ካላችሁ ምን አደርጋለሁ?» አሉና ካርዳቸውን ሰጥተውን ወደ ሌሎች ሄዱ። እኛ ፈገግ እንዳልን ቀረን።

ወደ ደሴ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የተባባልነው ነገር ከነከነኝ።

«መዲና፣ ቅድም ጎበዝ ናት ያልሽው ከልብሽ ነው?»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ጠፋ። «እውነቱን ልንገርሽ? የሠራሽውን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።»

«እኔም ያንቺን አላየሁም» አልኳት።

አፈርን። የእናቷን የጉልበት ሕመም አውቃለሁ፣ የታናሽ እህቷን ውጤት አውቃለሁ... ሥራዋን አላውቅም። ስልካችንን አወጣን። የኔን አሳየኋት፣ «ማሻአላህ፣ ሲያምር!» አለች። ማማሩንስ ያምራል።

ከዚያ የሷን አሳየችኝ። ገራዶ ላለው ለአጎቷ ጋራዥ የሠራችው ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ፎቶ አለው። መካኒኮቹ ዕቃውን በካታሎግ ስሙ አይጠሩትም፣ የራሳቸው መጠሪያ አላቸው። እሷ ያንን ስም በድምፃቸው ቀድታ አስገብታዋለች። ስልኩን ጫን አድርገው በለመደ አፋቸው ሲጠሩት የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ያሳያቸዋል። ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል። የኔው ኔትወርክ ከሌለ አይከፈትም።

ቀናሁ። ምን ይደበቃል... ቀናሁ!

እሁድን ሙሉ ለሰውዬው የምለውን ስለማመድ ዋልኩ። «ቅዳሜ ይሉኝታ ይዞኝ ነው እንጂ ሥራውን እችለዋለሁ» ልላቸው ነው። ዛሬ ሰኞ ጠዋት ደወልኩ። አባቴ የሆስፒታል ቀጠሮ ስለነበረው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ጫማውን እያሰረ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ቅዳሜ ኮምቦልቻ የተገናኘን ልጅ ነኝ።»

«አዎ፣ አስታወስኩ! መጀመሪያ ጓደኛዬ ትሻላለች ያልሽው አንቺ ነሽ፣ አይደል?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ዛሬስ ምን ትያለሽ?»

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። አባቴን አየሁት።

«ዛሬም እሷ ትሻላለች» አልኳቸው።

ሰውዬው ተገረሙ። «ይሄንንማ ነግረሽኛል እኮ!»

«አይ... ቅዳሜ የነገርኩዎ ሥራዋን ሳላየው ነው። አሁን አይቼዋለሁ።»

«በይ ስልኳን ላኪልኝ» አሉኝ። ላክሁላቸው።

ይሄን የምጽፈው ቦሩ ሜዳ ወረፋ ላይ ተቀምጬ ነው። አባቴ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ አንቀላፍቷል። ለአዲስ አበባው ቢሮ መልስ ለመስጠት እስከ ማታ ጊዜ አለኝ፣ ምን እንደምላቸው እስካሁን አላውቅም።

በየአዳራሹ ስንቱን አሞግሼ ምንም ሳይመስለኝ ቤቴ ገብቻለሁ... ሙገሳ ከልብ ሲሆን ለካ ያማል።