ባዶ የተባለው ቤቴ

ዛሬ ጠዋት ሰው የማይኖርባቸውን ቤቶች የሚመዘግቡ ሁለት የወረዳ ሠራተኞች ደጃፌ ላይ ቆመው "ይሄም ባዶ ነው" ሲባባሉ ሰማሁ። እኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀሚስ እየሰፋሁ ነበር።

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል። እንጀራዬ ልብስ ስፌት ነው፤ ከቤት የምሠራበት ፈቃድም አለኝ። ጎረቤት እንዳይከፋብኝ ብዬ የስፌት መኪናዬን ድምፁ እንዲታፈን ስፖንጅ ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ደንበኞቼ ደረጃውን እንዳያጨናንቁም ታች ወርጄ አገኛቸዋለሁ።

በሩን ስከፍት የፊት ለፊት ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ከሠራተኞቹ ጋር ቆመዋል። ቤቱ ባዶ ነው ያሏቸው እሳቸው ነበሩ።

"ሰው አለ እንዴ?" አሉ ደንገጥ ብለው።

"አለሁ እትዬ። ልብስ እሰፋለሁ።"

"ውይ ልጄን፣ አንድ ቀን እንኳ ኮሽታ ሰምቼ አላውቅም እኮ።"

እስከዛሬ የደከምኩት ይህንኑ ለመስማት ነበር። ስሰማው ግን ሆድ ባሰኝ።

ሠራተኞቹ ፈቃዴን አይተው፣ ባዶ ከተባሉት ቤቶች ዝርዝር አውጥተውኝ ሄዱ። (መኖሬ በወረዳ ደረጃ ተረጋግጧል።)

እትዬ ዘነበች ግን ወደ ቤታቸው አልገቡም።

"ስምሽ ማን ነው?"

"ሰብለ።"

ደንበኞቼ "ሰፊዋ" ነው የሚሉኝ። ስሜን የጠየቀኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

"በይ ሰብለ፣ አንዳንዴ እንኳ ድምፅሽን አሰሚን" ብለውኝ ገቡ።

ተመልሼ መኪናዬ ፊት ተቀመጥኩ። ስፌቱን ከመቀጠሌ በፊት ግን ይህን ልጽፍላችሁ ስልኬን አነሳሁ።

ከቤት የምትሠሩ ሰዎች፣ እናንተስ? ጎረቤቶቻችሁ መኖራችሁን ያውቃሉ?