አራቱ ቢጫ ቀፎዎች

ባለፈው ሳምንት ዲላ ውስጥ የንብ እርባታ ሥልጠና ላይ ዋልኩ። እንደ እኔ ጡረታ የወጣ የግብርና ባለሙያ ከፊት ወንበር ሲቀመጥ ለፎቶ ያምራል መሰለኝ፣ ጠርተውኝ ነው። አሠልጣኙ በዕድሜው አንዲት ንብ ነድፋው እንደማታውቅ ከሁኔታው ያስታውቃል። የታሸገ ውኃ ነበር፣ ብስኩት ነበር፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባጅም ነበር። ንብ ግን ወደ አዳራሹ ዝር አላለችም፤ ከእኛ የተሻለ አስተዋይ ናት።

በሻይ ሰዓት ደስታ የሚባል ወጣት ባለሙያ ጠጋ ብሎ፣ “ጋሼ፣ ሰኞ ጎብኚዎች ኮንጋ ቀበሌ ይመጣሉ። ንብ ያለባቸውን ቀፎዎች ምን ቀለም ብንቀባቸው ይሻላል?” አለኝ። የያዝኩትን ብስኩት ሳሕኑ ላይ መለስኩት።

እኔም በእሱ ዕድሜ የተመደብኩት እዚያው ኮንጋ ነበር። የዲላ ልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፤ ከኮሌጅ ስወጣ አባቴ ሱሪ ሰፋልኝ፣ ጫማ ገዛልኝ፣ እኔም በዚያ ጫማ ገበሬ ላስተምር ይርጋጨፌ ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ በእግሬ ጭቃውን ተያያዝኩት። ከእንሰቱና ከቡናው ሥር ስሙን የማላውቀው ነገር ሁሉ ለእኔ አረም ነበር። ስሙን የማውቀው ደግሞ ጥቂት ነበር።

ከገበሬዎቹ አንዱ ጋሽ ጂግሶ ነበሩ። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። የቡና መሬታቸው ጠባብ ስለሆነ ቤታቸውን ያቆመው ማሩ ነበር። ዋንዛ ላይ የሰቀሏቸው አራት የግንድ ቀፎዎች ነበሯቸው። ንቦቹን ወደ ዘመናዊ ሣጥን እናዛውር ብዬ ሦስት ጊዜ ለመንኳቸው፤ ሦስቴም ሳቁብኝ። በአራተኛው፣ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂው እኔ ነኝ ብዬ ማልኩና እሺ አሉ።

የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ ጥሎ ቡናው ነጭ ሲያብብ፣ ሽታውም መንገድ ድረስ ሲመጣ፣ አራቱንም አዛወርን። ንቦቹ ለመዱ። ጋሽ ጂግሶ ግራዋው አበባውን ሳይጨርስ እንደማይቆረጥ፣ መጭ የሚባለው ቢጫ አበባ በአጥሩ ሥር እንደሚተው፣ ማር ሲቆረጥም ለንቦቹ ድርሻቸው እንደሚቀር ነገሩኝ። አንዱንም አልጻፍኩም። ማስታወሻ የምይዘው አዳራሽ ውስጥ ብቻ ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ ማሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ከበላይ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለ። ኃላፊዬ ከዚያ በፊት ንብ ያዩት ምናልባት የግድግዳ ካላንደር ላይ ይሆናል። ከመኪናቸው ወርደው አጥሩ ጋ ቆሙ፣ ቦታው ጫካ ይመስላል አሉ፣ አረሙ ይጽዳ፣ ቀፎዎቹም ከመንገድ እንዲታዩ ቢጫ ይቀቡ ብለው ጫማቸውን ሣር ላይ ጠርገው ሄዱ።

ጋሽ ጂግሶ የቀለሙን ቆርቆሮ ስከፍት አጠገቤ ቆመው ነበር። “ልጄ፣ ንብ የቀለም ሽታ አይወድም” አሉኝ። “ቤቱን ጥሎ ይሄዳል።”

ኮሌጅም ይህንኑ አስተምሮኛል። ነገር ግን የቋሚነት ደብዳቤዬ የኃላፊዬ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ እየጠበቀ ነበር። ትእዛዝ ነው አልኳቸው። መጭውን አጨድኩት፣ ግራዋውን ቆረጥኩት፣ አራቱን ቀፎዎች በገዛ እጄ እስከ መግቢያ ቀዳዳቸው ድረስ ቀባኋቸው። ሥራዬ ንጹሕ ነበር፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ሱሪዬን አልነካችም።

በማግስቱ ጎብኚዎቹ በሁለት መኪና መጡ። ንቦቹ ሽታውን ሸሽተው ከቀፎው ፊት እንደ ጢም ተንጠልጥለዋል። ኃላፊዬ ይህን አይተው፣ እንግዳ ሊቀበሉ ነው የወጡት አሉ። ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ፎቶ ተነሡና ምሳ ሳይቀዘቅዝባቸው ወደ ዲላ ተመለሱ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የአራቱም ቀፎ ንቦች ተራ በተራ ነቅለው ወጡ። ጋሽ ጂግሶ በእንሰቱ መካከል እየሮጡ እስከ ወንዙ ተከተሏቸውና ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሲቆጡኝ እችለው ነበር። እሳቸው ግን ቤት አስገብተው አስቀመጡኝ። ባለቤታቸው ቆጮ አቀረቡ፤ እሳቸው ንቦቹ ጥለውት የሄዱትን ማር ከቢጫው ቀፎ ቆርጠው በሳሕን አመጡልኝ።

“ብላ” አሉኝ። “የቀረው ይሄ ነው።”

ኃላፊው ናቸው ያዘዙኝ ማለት ጀመርኩ።

“ሰውዬው አያውቅም” አሉ። “አንተ ግን ታውቅ ነበር። ብላ።”

ማሩ ገና ቀጭን ነበር፤ ቀለም ቀለም ይላል። እያዩኝ ጨርሼ በላሁት። ቢሮ ተመልሼ ጉብኝቱ በስኬት ተጠናቋል ብዬ ጻፍኩ። የቋሚነት ደብዳቤዬም መጣ፤ ወዲያው ገደብ ወደሚባለው ወረዳ እንዲያዛውሩኝ አመለከትኩ። የጋሽ ጂግሶን ዓይን ዳግመኛ አላየሁም።

ኃላፊዬን ዕድሜ ልኬን ስንቃቸው ኖሬያለሁ። ቀላል ስለሆነ ነው። የማያውቅን ሰው መናቅ ምን ይከብዳል?

ለወጣቱ ለደስታ ቀለሙ ይቅር፣ አረም የምትሉትንም አትንኩት አልኩት።

“እሱንስ አውቃለሁ ጋሼ” አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ኃላፊው ስላሉ ነው።”

ፊቱን አየሁት። ሱሪው በደንብ ተተኩሷል፤ ጫማው ያብረቀርቃል።

“እንግዲያው ቀባ” አልኩት። “ሦስት ቀን ቆይተህ ግን የቀፎዎቹ ባለቤት ቤት ሂድ። ማር ካቀረበልህ እንዳታስተርፍ፣ ጨርሰህ ብላ።”

ግብዣ የነገርኩት መስሎት አመስግኖኝ ሄደ።