ወደ ታንጋኒካ በቆሰበር በኩል

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት የአባቴን ፈቃድ ለማግኘት ነው። በመጪው ክረምት ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተማሪዎች ጋር ታንጋኒካ ሄደን፣ በአንድ የገጠር መንደር የትምህርት ቤት ሕንፃ እንድንሠራ ተመርጠናል። ደመወዝ የለውም፤ መጓጓዣውንና ምግቡን አዘጋጆቹ ይችላሉ። የኮሌጃችን የሴቶች መኖሪያ ኃላፊ ግን፣ «ወላጅ ያልፈቀደላት አትሄድም» ብለው ቁርጡን ነገሩኝ። በግንቦት መጀመሪያ ጥቂት ቀን ዕረፍት ስናገኝ በአውቶቡስ ተሳፈርሁ።

የዓባይን በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ወሬኛውን ሁሉ ዝም አሰኘው። አጠገቤ የተቀመጡ ነጋዴ ሴት ከዳቦ ቆሏቸው ዘገን አድርገው ሰጡኝ። እኔ መንገዱን ሙሉ ለአባቴ የምናገረውን ሳጠና ነበር፤ ለአዳር ደብረ ማርቆስ ስንደርስ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር እንኳ አልወደድኋትም።

ዳንግላ

በማግስቱ ቤተሰቤ ያለበትን ቆሰበርን አልፌ ዳንግላ ወረድሁ። እዚያ ጨርቅ የሚነግዱ አጎቴ አሉ፤ አማላጅ እንዲሆኑኝ አስቤ ነው። ስሙኒ ከፍዬ በጋሪ እስከ ሱቃቸው ሄድሁ። ነገሩን ሰምተው ጨርቅ ማጠፋቸውን ቀጠሉ።

«ለትምህርትሽ በማማለዴም ገና ከወቀሳ አልወጣሁ። አባትሽ እስከ ዛሬ ባየኝ ቁጥር ‹ልጄን አርቀህ የሰደድህ› ይለኛል። አሁን ደግሞ ባሕር ማዶ? አፍ አለሽ፣ ራስሽ ንገሪው።»

«እፈራለሁ፣ አጎቴ።»

«እኔስ የማልፈራ መሰለሽ?»

ቆሰበር

እህል የጫነ መኪና ወደ ቆሰበር መለሰኝ። ከከተማው እስከ መንደራችን በእግሬ ሄድሁ፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ማሳው ለገብስ እየታረሰ ነበር። አባቴን ለአጥር የሚሆን ቀርከሃ ሲሰነጥቁ አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ሳልቀመጥ ተናገርሁ፤ ብቀመጥ ቃሉ የሚጠፋኝ መሰለኝ።

«ታንጋኒካ ከጫግኒ ወዲያ ነው?» አሉ።

«በጣም ወዲያ ነው፣ አባየ።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ትምህርት ቤት። ጡብ እናቀብላለን፣ ውኃ እንቀዳለን። ሌሎች ሴቶችም አሉ።»

የያዙትን ቀርከሃ ሰንጥቀው ጨረሱ። «ወንፈል ከሆነ ደግ ነው። ሂጂ።»

በአገራችን ወንፈል ማለት ዛሬ እኔ በአንተ ማሳ እውላለሁ፣ ነገ አንተ በእኔ ማሳ ትውላለህ ማለት ነው። ደስታዬ ስለ በዛ ቃሉን አላጤንሁትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የመንደሩ ሰው ስለ ወንዙ ለመነጋገር ተሰበሰበ። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ሞልቶ ልጆችን ከትምህርት ቤት ስለሚያስቀር ድልድይ ሊሠሩለት ነው። አባቴ ተነሡ።

«ዘንድሮ ልጄ ሄዳ ለታንጋኒካ ሰዎች ትሠራለች። ለዓመት እነሱ መጥተው ያግዙናል።»

«ስንት ናቸው?» አሉ ጎረቤታችን አያ ጥሩነህ። «ጠላው እንዳያንስብን።»

ሰው ሁሉ ደስ አለው። ዝም ብል እሄዳለሁ፤ እነሱ ግን ለዓመት መንገድ መንገድ ሲያዩ ይከርማሉ። ብናገር አባቴን በጉባኤ ማሳፈሬ ነው፣ ፈቃዱም ይቀራል። በዚያ ጉባኤ አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም ነበር። ተነሥቼ በአገውኛ፣ «አይመጡም። የምሄደው ወንፈል አይደለም፤ የሚመልሱት ነገር የለም» አልሁ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከሴቶቹ በኩል እትየ ዘነቡ፣ «ድንጋይ ልትሸከሚ ነው እስከዚያ የምትሄጂው? የእኛ ድንጋይ አልቆ ነው?» ሲሉ ሴቶቹ ሳቁ።

«አላለቀም» አልሁ።

አባቴ፣ «እንግዲያ ነገ ከእኛው ጀምሪ» አሉ። ልሂድ ልቅር ግን አላወቅሁም።

ወንዙ ዳር

ሰኞ ከሴቶቹ ጋር ድንጋይ ስሸከም ዋልሁ። ከጀርባዬ ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። እትየ ዘነቡ፣ «ወይ ታንጋኒካዎች፣ ምን ልትጭንባቸው ነው» እያሉ አሾፉብኝ፤ ግን ቀለል ያለውን እየመረጡ የሚያሸክሙኝም እሳቸው ነበሩ። ከሰዓት በኋላ መዳፌ ተላጠ። አባቴ ከወዲያ ማዶ ከወንዶቹ ጋር ድንጋይ ይሸከሙ ነበር።

ለዕረፍት ስንቀመጥ አያ ጥሩነህ አባቴን፣ «እህ፣ ብድር የማይመልስ ሰው ዘንድ ልትሰዳት ነው?» አሏቸው።

አባቴ ላባቸውን ጠረጉ። «የእኔ ልጆች ይህን ወንዝ ተሻግረው አድገዋል፤ ድልድይ አያስፈልጋቸውም። እኔስ ዛሬ ለማን ስሸከም ዋልሁ?»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለዚያች ኃላፊሽ አባቴ ፈቅዷል በያት። ድንጋይ እየጣልሽ ግን አታሰድቢን።»

አዲስ አበባ

በሄድሁበት መንገድ ተመልሼ ለኃላፊዋ ነገርኋቸው። ስሜን ጻፉ፤ ከሰኔ በኋላ እንሄዳለን። አሁንም በሰው ፊት መናገር እፈራለሁ፤ ይህ ጉዞ ያንን አልለወጠውም። ሰው በተሳሳተ ተስፋ የሰጠኝን ፈቃድ ይዤ ከመሄድ ግን እየፈሩ መናገር እንደሚቀል አይቻለሁ። መዳፌ ገና ስላልዳነ ይህን የጻፍሁት በየመስመሩ እያረፍሁ ነው።